የእማማ ያድግበታል ሜትር

እማማ ያድግበታል ከጡብ ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በዚችው ከተማ ታችኛው ጫፍ፣ ከጡብ ማምረቻው ጀርባ በነበረች ባለአንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። መታወቂያቸው ላይ የሰፈረው ስም ሌላ ነው። ያንን ስም የሚያውቁት ግን እሳቸውና መዝገብ ቤቱ ብቻ ነበሩ፤ ለዚህ ጽሑፍ ብለን መታወቂያቸውን ከመሳቢያ ስናወጣ የገዛ ልጃቸው አንብቦት «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ሲል ጠይቋል። ስለዚህ እኛም ከተማው ባወጣላቸው ስም እንጠራቸዋለን። ደግሞም ከተማው ስለ እሳቸው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ የሳቀበት አንድ ነገር አለ። ዛሬ፣ በፈቃዳቸው፣ እሱን እናስተካክላለን። እስኪደርስ ግን ታገሡን፤ የሰው ሕይወት ከመጀመሪያው ነው የሚነገረው።

እናታቸው እሳቸው የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ስላረፉ፣ ያደጉት በአክስታቸው ቤት ነው። አክስታቸው ደግ ሴት ነበሩ። ነገር ግን የራሳቸው አምስት ልጆች ነበሯቸውና ደግነታቸው ለስድስት ሲካፈል ትንሽ ይሳሳ ነበር። እማማ በ1944 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። ከክፍሉ የሚበልጣቸው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን እስከ መጨረሻው ድረስ «ይኮርጅ ነበር» እንዳሉት ነው።

ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ የተሰፋላቸው ሰማያዊ ዩኒፎርም ልክ በልክ ነበር። አክስታቸው ልብስ ሰፊው አጠገብ ቆመው «ጨርቅ አታብዛ፣ ለዘንድሮ ይበቃታል» ብለው ነበርና። ወደ አምስተኛ ክፍል ባለፉበት ክረምት ታዲያ እማማ እንደ ሸንበቆ ተመዘዙ። በመስከረም 1948 ዓ.ም.፣ ትምህርት በተጀመረበት ቀን፣ የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ በር ላይ አስቆማቸውና «ጉልበትሽ ይታያል፤ ረዘም ያለ ለብሰሽ ነይ» ብሎ መለሳቸው። ቤት ገብተው የቀሚሱን ጫፍ ቢተረትሩት እጥፋቱ አንዲት ጣት የማይሞላ ሆኖ አገኙት። በማግሥቱ ያችኑ አስረዝመው ሄዱ፤ አሁንም አላለፉም። በሦስተኛው ቀን ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ እንደ ዳክዬ እየተራመዱ ሹልክ ሊሉ ሞከሩ። ተቆጣጣሪው ሳቀ እንጂ አላሳለፋቸውም። በአራተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆመው ደወሉ ሲደወል ሰሙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ትምህርታቸው እዚያ ላይ አበቃ።

እማማ ይህን ሲያወሩ ሲያለቅሱ ያየ የለም። «እኔን ከአምስተኛ ክፍል ያስቀረችኝ አራት ጣት ጨርቅ ናት» ይሉና አራት ጣታቸውን ገጥመው ያሳዩን ነበር። ይህን ያልሰማ የልጅ ልጅ በቤታችን የለም፤ ጡት ከመጣላችን በፊት ሳንሰማው አልቀረንም።

በዚያው ዓመት አክስታቸው ገበያው ጥግ ላይ ይሰፉ ለነበሩ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ሙያ እንዲማሩ ሰጧቸው። የመጀመሪያውን ዓመት መተርተር ብቻ፣ ሁለተኛውን ዓመት ቁልፍ መትከል ብቻ ሆነ፤ መቀስ የጨበጡት በአራተኛው ዓመት ነው። ሽማግሌው ቃል ቆጣቢ ነበሩ። በቀን አንድ ጊዜ «አሥር ጊዜ ለኪ፣ አንዴ ቁረጪ» ይላሉ፤ እሱንም ሳል ካላቋረጣቸው ነው። እማማ በስምንት ዓመት ውስጥ ከኮት እስከ ሕፃን ልብስ ያልሰፉት አልነበረም።

በ1956 ዓ.ም. አንድ ወጣት አናጢ የተቀደደ ሱሪ ይዘው ወደ ሽማግሌው ሱቅ መጡ። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ሌላ ቦታ ተቀዶ አመጡት። በሦስተኛው ሳምንት እማማ ቀዳዳውን ሲያዩት ጠርዙ ላይ የመጋዝ ጥርስ ይታያል። ቀና አሉና «ሱሪው ምን በደለህ? የምትለው ካለህ በአፍህ በለው» አሉ። አናጢው በአፋቸው አሉት። እህል ውሃቸው ሆነና በዚያው ዓመት ትዳር መሠረቱ፤ በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ያ ሱሪ ዛሬም ቤት ውስጥ አለ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ አልተሰፋም።

በ1957 ዓ.ም. ሽማግሌው ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናቸውን ለእማማ ሰጧቸው። እማማም ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ከዳቦ ቤቱ ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ጠባብ ክፍል ተከራይተው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ግድግዳውን ስለሚያሞቀው በክረምት እንኳ እዚያ ቤት ጨርቅ እርጥበት አይዘውም ነበር። ባለቤታቸው የመቁረጫ ጠረጴዛ ሠሩላቸው፤ በጠረጴዛው ጠርዝም አንድ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቁጥር የተቀረጸበት እንጨት በአራት ምስማር መቱበት። አናጢው በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ያ እንጨት ሜትር እስከ ዛሬ ቅንጣት አይዛነፍም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። የልጁን ልክ የሚወስዱት አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት የጨርቅ ሜትር ነው። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ጨርቁን የሚቆርጡት ግን ያንን ቁጥር በጠረጴዛው እንጨት ሜትር ላይ እየለኩ ነው። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ ነገር ይመጣበታል።

ሱቁ በተከፈተ ዕለት እማማ ደጃፉ ላይ ቆመው ለባለቤታቸው «እኔ በሕይወት እያለሁ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ቀሚስ አጠራት ተብላ ከትምህርት ቤት በር የምትመለስ ልጅ አትኖርም» አሏቸው። ባለቤታቸው «እንዴት አድርገሽ?» ብለው ቢጠይቁ «እሱን ለኔ ተወው» አሉ። አናጢው ተዉላቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ተዉላቸው።

ከዚያ ወዲያ የከተማው ልጅ ሁሉ በእማማ እጅ ለበሰ። እዚህ ለቅሶ ላይ ከተሰበሰባችሁት ገሚሶቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ልብሱ ደረሰ ሲባል ልጁ ይለብሳል፤ ወገቡ ሌላ ልጅ ያስገባል፣ እጅጌው ጣት ይውጣል፣ የቀሚሱ ጫፍ መሬት ሊጠርግ ይደርሳል። እናት ትደነግጣለች። እማማ «ውይ፣ ረዘመ! ግድ የለም» ይሉና በአፋቸው የያዙትን መርፌ አውጥተው፣ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፈው ይቀመቅሙታል። ለሴት ልጅ «ታድግበታለች»፣ ለወንድ ልጅ «ያድግበታል» ይላሉ። ከተማው ከሁለቱ አጭሩን መርጦ ስም አወጣላቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስሙን እሳቸው የሰሙት ከሁሉ ኋላ ነው፤ ሲሰሙት ግን ወደዱት።

በመስከረም 1972 ዓ.ም. ነገር መጣ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዛሬ እዚህ ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ባለወፍጮዋ፣ መካከለኛዋን ሴት ልጃቸውን በአንድ እጃቸው፣ የልጅቷን ዩኒፎርም በሌላ እጃቸው አንጠልጥለው፣ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ወደ ሱቁ ገቡ። ባለወፍጮዋ ይቅር ይበሉን፤ ራሳቸው «ሳታለሳልሱ ጻፉት» ብለውናል።

«አምና ለዚች ልጅ ሁለት ሜትር ከሩብ ነው ያስገዛሽኝ!» አሉ፣ መንገድ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የወንድሜ ሚስት ለእኩያዋ ልጅ ሁለት ሜትር በቅቷታል። ሩብ ሜትሬን የት አደረስሽው?»

እማማ «እትዬ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ» አሉ።

«አልቀመጥም! የስንቱን ቤት ሩብ ሜትር ስትለቅሚ ኖረሻል? ይኸው ልብሱም አጥሯታል። ደግሞ ለዘንድሮ ሌላ ልታስገዢኝ? በቃ፣ ልጅቷ ወፍጮ ቤት ትቀመጥልኝ!»

ጉድ ፈላ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ መጡ፣ መንገደኛው ቆመ። እማማ የሰሙት ግን ሌብነቱን ብቻ አልነበረም። ከባለወፍጮዋ ኋላ ቆማ፣ ጉልበቷን ለመሸፈን ቀሚሷን ወደ ታች የምትጎትተውን የሰባተኛ ክፍል ልጅ አዩ። እሷም በአቅሟ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ነበር።

እማማ አልጮኹም፣ አልማሉም። ዱቄት መዝኖ መድኃኒት በመቀመም የታወቁትን፣ ዓይናቸው የታመነውን ባለመድኃኒት ቤት ከማዶ አስጠርተው «ጋሼ፣ እርስዎ ይለኩልን» አሉ። ከዚያ የባለወፍጮዋን ልጅ ዩኒፎርም በሰው ሁሉ ፊት መተርተር ጀመሩ። እጅጌው ወጣ፣ ወገቡ ተፈታ፣ የጫፉ እጥፋት ወረደ። ባለመድኃኒት ቤቱ እያንዳንዱን ቁራጭ በእንጨት ሜትሩ ላይ ዘርግተው ለኩ። እማማ ደግሞ ከሣጥን ውስጥ አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ጥቅል አወጡ፤ በላይዋ «ወፍጮ ቤት፣ መካከለኛዋ» የሚል ጽሑፍ አለ። የእያንዳንዱን ደንበኛ ቁርጥራጭ ስሙን ጽፈው አስረው ያስቀምጡ ነበር፤ ውሰዱ ሲባል «ምን ላደርገው» ብሎ ትቶት የሚሄደው ደንበኛው ነው። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሜትር ከሩብ ሞላ። አንዲት ክር አልጎደለችም። ባለወፍጮዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ባለመድኃኒት ቤቱ ግን አልረኩም። እማማን ለማገዝ ብለው የቀሚሱን ቁመት በጨርቅ ሜትሩ ደግመው ቢለኩት ሌላ ቁጥር ሆነባቸው። በእንጨቱ ለኩ፤ በጨርቁ ለኩ። ሰባት ሴንቲ ሜትር ይለያያል። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የሜትሩን ጫፍ አዩና «እኅቴ! ይሄ ሜትርሽ እኮ ከሰባት ነው የሚጀምረው!» አሉ።

እውነትም ከአንድ እስከ ሰባት ያለው አራት ጣት የሚያህል ጫፍ የለም። ተቆርጧል። ለካስ የከተማው ልጅ ሁሉ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሰባት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሲሰፋለት ኖሯል!

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዳቦ ጋጋሪው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ግድግዳ ተደገፉ። «አሥር ጊዜ ለኪ» ሲባሉ ያደጉት ልብስ ሰፊ የገዛ ሜትራቸውን ጫፍ አላዩም! እማማ ፊታቸው ቀልቶ «ውይ ጉዴ! አላየሁትም እኮ» አሉ። ከዚያም ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ እሳቸው የተተረተረውን ዩኒፎርም ይዘው መኪናው ላይ ተቀመጡ። እጥፋቱን አራት ጣት አውርደው፣ ወገቡንና እጅጌውን ለቀቅ አድርገው ሰፉት። ዳቦው ከምድጃ ሳይወጣ ጨረሱ። ልጅቷን አልብሰው፣ ወደ እናትየው አዙረው «ይኸው እትዬ፣ ጉልበቷን ሸፍኗል። ሰኞ ትምህርት አላት» አሉ። ባለወፍጮዋ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ሰኞ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄደች።

ባለወፍጮዋ በሳምንቱ ሊታረቁ መጡ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አርባ አምስት ዓመት አልተለያዩም። ባለመድኃኒት ቤቱም አዲስ ሜትር ገዝተው በስጦታ ሰጧቸው። እማማ በምስጋና ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ አንገታቸው ላይ ግን ያው አሮጌው ሜትር ቀረ። «እጄ የለመደው እሱን ነው፤ ሰባቱን እየቀነስኩ እሠራለሁ» ይሉ ነበር። ወይ ፍንክች! አንድም ቀን አልቀነሱም። ሜትሩን ማን እንደቆረጠው ከተማው ሦስት ታሪክ ፈጠረ፤ አይጥ በላው፣ ካውያ አቃጠለው፣ አናጢው የወንበር እግር አሰሩበት ተባለ። እማማ ሦስቱንም «ሊሆን ይችላል» እያሉ ያዳምጡ ነበር። ሠርግ ላይ ሰው ሰፊ ኮት ለብሶ ከታየ «በያድግበታል ሜትር ነው እንዴ?» መባል ተለመደ። ልጆቻቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀለደባቸው። እማማ «ይሳቁ፤ ሳቅ ልብስ አያሳጥርም» ይሉን ነበር። እኛ ግን አንጀታችን ያርር ነበር፤ ዛሬ እንናገረው።

በ1990 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ከትልቅ ከተማ ተሰፍቶ በመኪና እንዲመጣ ወሰነ። ልብሱ የሚያብረቀርቅ ነበር። ልክ በልክ ነበር። እማማ አንዱን ተቀብለው ገለበጡና ጫፉን አዩ። እጥፋቱ አንዲት ጣት አይሞላም። መልሰው አጣጥፈው ሰጡ። ያን ዓመት ሱቃቸው ጭር አለ፣ ልጆቻቸውም «በቃሽ፣ ዕረፊ» አሏቸው።

በመስከረም 1991 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ልጆቹ በክረምቱ አድገዋል፤ ልብሱ ግን አላደገም። አዲስ የተሾመ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆሞ ሴቶቹን ልጆች አንድ በአንድ ይመልስ ጀመር። ወሬው እማማ ዘንድ የደረሰው ከረፋዱ በፊት ነው። እማማ ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር። የስፌት መኪናቸውን ለሁለት ተሸካሚዎች አሸከሙ፤ ባለቤታቸው ሣጥኑን በጋሪ ጫኑ፤ ባለወፍጮዋ ወፍጮአቸውን አስቁመው ወንበር ይዘው ተከተሉ። በዋናው መንገድ፣ በመድኃኒት ቤቱና በዳቦ ቤቱ ፊት አልፈው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት በተመለሱባት ቦታ ላይ፣ መኪናቸውን አስቀመጡ።

ተቆጣጣሪው «እማማ፣ እዚህ መስፋት አይፈቀድም» አለ።

እማማ «ልጄ፣ መመለስህን ቀጥል፤ ሥራህ ነው» አሉት። «አንተ የመለስካትን እኔ እሰፋታለሁ። ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።»

ሣጥኑ ተከፈተ። የሠላሳ ሦስት ዓመት ቁርጥራጭ፣ በየስሙ የታሰረው፣ ማንም አልፈልግም ያለው ሁሉ ወጣ። ባለወፍጮዋ እየፈቱ ያቀብላሉ፣ እማማ በየቀሚሱ ጫፍ አራት ጣት ቅጥያ ይቀጥላሉ። የቅጥያው ሰማያዊ ከአዲሱ ልብስ ሰማያዊ ጋር አይመሳሰልም፤ ከሩቅ ያስታውቃል። ማን ደንታው! የመጀመሪያዋ ልጅ ለብሳ በበሩ ስታልፍ ከመንገድ ማዶ ሰው አጨበጨበ። በዚያ መሐል አንዲት መምህርት ከግቢው ወጥታ፣ ተቆጣጣሪውን አልፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና መርፌ አነሳች። የወፍጮ ቤቷ መካከለኛ ልጅ ነበረች። ተማሪዎቿ አስተማሪያቸው መሬት ተቀምጣ ስትሰፋ ሲያዩ ግቢው በእልልታ ቀለጠ።

ሦስት ቀን ሰፉ፤ አርባ አንድ ልጅ አስገቡ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ደከመው። ወንበር ይዞ መጣና ክር ይሰካላቸው ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒፎርም ወደ እማማ ሱቅ ተመለሰ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ቀሚሳቸው ያላጠረ ልጆች ሳይቀሩ «እኛም ያችን ቅጥያ እንፈልጋለን» ብለው ሱቁን አጣበቡት፤ ፋሽን ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ።

ባለቤታቸው በ1998 ዓ.ም. አረፉ። እማማ በሐዘን ብዙ ተጎዱ፤ በሥራ ነው ቀስ በቀስ ቀና ያሉት። በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ስፌት ልትማር አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህን የምትጽፍላችሁም እሷ ናት። ልጅቷ ሦስት ወር ስትተረትር ከርማ አንድ ነገር አስተዋለች። እማማ የሰፉት ልብስ ሁሉ ወገቡ ይሰፋል፣ እጅጌው ይረዝማል፣ ቁመቱ ይተርፋል፤ ትከሻውና አንገቱ ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሜትሩ አታሏቸው ቢሆን ኖሮ ትከሻውም መስፋት ነበረበት። ስትከታተላቸው ለካ ትከሻና አንገትን የሚለኩት በስንዝራቸው ነው! ትከሻ ከሰፋ ልብሱ ከልጁ ላይ ይወድቃላ።

ልጅቷ «እማማ፣ ሜትሩ ሰባት ላይ እንደሚጀምር ታውቂ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀች። እማማ መቀሱን አስቀመጡ። በሩን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«በገዛ መቀሴ ነው የቆረጥኩት» አሉ። «ሱቁን የከፈትኩ ቀን። አያትሽ ብቻ ነበር የሚያውቀው።»

«ያን ሁሉ ዘመን ሲስቁብሽ ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለእናት አራት ጣት ጨምሪ ብትያት እንደ አክስቴ ‹ለዘንድሮ ይበቃል› ትልሻለች። ከሜትር ጋር ግን ማን ይከራከራል? ያን ቀን አውቄ ነው የቆረጥኩት ብል ኖሮ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም ልክ በልክ አድርጊው ይለኝ ነበር። ሞኝ ናት ሲሉኝ ግን ስቀው ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም፣ የኔ ልጅ። እኔ እስክሞት በሆድሽ ያዢው።»

ይኸው ይዛው ኖራ ዛሬ ተናገረችው። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ እማማ ያድግበታል የሜትራቸውን ጫፍ ማየት ያቃታቸው ልብስ ሰፊ አልነበሩም። ስልሳ ዓመት ሰፍተው አንዲት ልክ አልሳቱም። የሳቅንባቸው እኛ ነን የተሳሳትነው። ባለወፍጮዋ ይህን አስቀድመን ስናነብላቸው «አታላይ!» አሉ፤ ከዚያ ከት ብለው ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ። መካከለኛዋ ልጃቸው ዛሬ የዚያው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ያን አሮጌ ሜትር በመስታወት አድርጋ ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ወስዳዋለች። በሩ ላይ ልጅ የሚመልስ ተቆጣጣሪ ከተሾመ መጀመሪያ እሱን ሜትር እንዲያይ ይደረጋል ብላለች።

እማማ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም አገኛቸው። ሐኪም የስፌት መኪና መርገጥ ሲከለክላቸው በእጃቸው ሰፉ፤ በእጅ መስፋት ሲከለከሉ ከአልጋቸው ሆነው ሌላው ሲሰፋ «ጠበበ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ተፈራርቀው አስታመሟቸው። ባለወፍጮዋ በየቀኑ ከሰዓት እየመጡ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጡ ነበር። እማማ ያድግበታል ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ለመጀመሪያው ዕረፍት በተደወለ ጊዜ፣ በተወለዱ በሰማንያ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

አራት ልጆች፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችና አምስት የልጅ ልጅ ልጆች ትተዋል። ሰባቱ የልጅ ልጆች ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸውም ከአምስተኛ ክፍል አልቀሩም።

ዛሬ የለበሱትን ቀሚስ ራሳቸው ናቸው ከሁለት ዓመት በፊት የሰፉት። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ሲቀመቅሙት የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ክር እየሰካች ነበር፤ ጫፉን አራት ጣት ወደ ውስጥ ሲያጥፉት አይታ «እማማ፣ ለዚህ ደግሞ እጥፋት ምን ያደርጋል?» አለቻቸው። እሳቸውም መርፌውን ሳያቆሙ «የምሄድበትን አገር ማን አየው? እዚያም አምስተኛ ክፍል ካለ፣ ቀሚስሽ አጠረ ብሎ የሚመልሰኝ የለም» አሏት።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። ደጁንም ወለል አድርጎ ይክፈትላቸው። ቀሚሳቸው ይደርሳል።